ቦርድ ፕሮግራም ሲደረግ ሲሪያል ቁጥሩ በራሱ እንዲሰጥ (ሁለት ጣቢያ፣ ኮምቦልቻና ደሴ)

ቦርከና_ሰርኪዩት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 400 የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ፕሮግራም ሊደረጉ ነው። 340ዎቹ ኤስቲኤም32 ኤፍ103ሲ8 የሚባል ቺፕ (64 ኪሎባይት ፍላሽ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋም የማይጠፋ ማህደረ ትውስታ) አላቸው። 60ዎቹ የድሮው ዲዛይን ስለሆኑ አትሜጋ328ፒ ነው ያለባቸው። ሥራው ግማሹ ኮምቦልቻ፣ ግማሹ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው የሚሠራው፤ በሁለቱም ቦታ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሮግራመርና አንድ የስቲከር ማተሚያ አለ።

አሁን ባለው አሠራር ቁጥሩ ኮዱ ውስጥ በእጅ ይቀየርና እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል። ለ10 ቦርድ ይሁን፣ ለ400 ግን አያስኬድም። የሚፈለገው ኦፕሬተሩ ቦርዱን ጂጉ (ቦርዱን ይዞ ከፕሮግራመሩ ጋር የሚያገናኘው ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጦ አንድ ቁልፍ ሲጫን ፈርምዌሩም (ቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ቁጥሩም ተጽፎ ስቲከሩ እንዲወጣ ነው። ሁለት ቦርድ አንድ ቁጥር እንዳይይዝ ምን ይደረግ? በሁለቱ ከተማ መካከል ኔት እንደሌለ ቁጠሩት፤ መብራቱንም ታውቁታላችሁ።

ጦሳ_ሎጂክ
ወንድሜ፣ ለኤስቲኤሙ ምን አደከመህ? ከፋብሪካ 96 ቢት መለያ ተጽፎበት ነው የሚመጣው። በኤፍ1 ቤተሰብ አድራሻ 1ኤፍኤፍኤፍኤፍ7ኢ8 ላይ 12 ባይት አንብብ፣ አለቀ። ፈርምዌሩ ሲነሳ ራሱ ያነበዋል፤ ዳታቤዝም ጂግም አያስፈልግም።

ጋሼ_ሬጅስተር
አላለቀም። 12 ባይት ማለት 24 የሄክስ (የመሠረት 16) ፊደል ነው። ቃሉ ላይ ወይም ሐይቅ ላይ ፓምፕ አጠገብ ቆሞ በስልክ የሚደውል ሰው 24 ፊደል አንብብ ተብሎ ትክክል አያነብም። ከዚያ ሰዉ ማሳጠር ይጀምራል፣ ችግሩም እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ባይት ብቻ የሚወስድ ኮድ ብዙ ጊዜ ይታያል። የኤል4ንና የኤፍ0ን (የሌሎቹን የኤስቲኤም32 ቤተሰቦች) ማንዋል ብታነብ እነዚያ 4 ባይቶች ቺፑ ዌፈሩ (ቺፖቹ አንድ ላይ የሚሠሩበት የሲሊከን ዝርግ) ላይ የነበረበት የኤክስና የዋይ ቦታ ናቸው። ከሌላ ዌፈር፣ በዚያው ቦታ ላይ የነበረ ቺፕ ያንኑ 4 ባይት ይዞ ይመጣል። ልዩ የሆነው 96 ቢቱ በሙሉ እንጂ ቁራጩ አይደለም።

ወደ 16 ቢት ሲአርሲ (ከዳታው ተሰልቶ የሚወጣ አጭር የማረጋገጫ ቁጥር) ጨምቄ እጠቀማለሁ የሚልም አይጠፋም። 16 ቢት 65536 ዋጋ ብቻ ነው ያለው፤ 300 ቦርድ ስትደርስ ሁለቱ አንድ ዋጋ የመያዝ ዕድላቸው ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። የቺፑን መለያ ለማሽን ተወው፣ ለሰው አጭር ተከታታይ ቁጥር ስጥ፣ ሁለቱን ደግሞ በሠንጠረዥ አስተሳስር።

ጦሳ_ሎጂክ
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ለሰው የሚነበብ ቁጥር ካስፈለገ በኔ መንገድ አይሆንም። ለሶፍትዌር ላይሰንስና ለምስጠራ ቁልፍ ግን የቺፑ መለያ ነው የሚሻለው።

ባይት_በፒያሳ
የቁጥሩን ቅርጽ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የሁለት ጣቢያውን ጉዳይ የሚፈታው እሱ ነው። 9 አሃዝ ይሁን፦ 2 ለዓመት፣ 1 ለጣቢያ፣ 6 ለተራ ቁጥር። ኮምቦልቻ ጣቢያ 1፣ ደሴ ጣቢያ 2። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ተራ ቁጥር ብቻ ስለሚቆጥር ኔት ኖረ አልኖረ ቁጥሮቹ አይጋጩም። የጣቢያው አሃዝ በኮምፒውተሩ የቅንብር ፋይል ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ኦፕሬተሩ እንዲመርጠው አይተው።

በመጨረሻ «ሉን» በሚባለው የማስሊያ ስልት አንድ የማረጋገጫ አሃዝ ጨምሩበት። ለምሳሌ 18-1-000417 የማረጋገጫ አሃዙ 4 ነው፤ ስቲከሩ ላይ 1810004174 ተብሎ ይታተማል። ሉን አንድ አሃዝ ሲሳሳት ሁልጊዜ ይይዛል፤ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡም ይይዛል፣ 09 እና 90 ሲለዋወጡ ብቻ ያመልጠዋል። በስልክ ለሚነበብ ቁጥር ይበቃል።

ማረጋገጫውን ግን ቺፑ ውስጥ አታስገቡ፤ 9ኙን ብቻ ጻፉ። 9 አሃዝ ሁልጊዜ በ32 ቢት ይገባል። 10 አሃዙን ካስገባችሁ ከ4294967295 በላይ የሆነው ይሞላና ይዞራል፤ ዓመቱ 43 ሲሆን ይጀምራል ማለት ነው። ሩቅ ነው፣ ቢሆንም ዛሬ በነፃ የሚቀር ጣጣ ነው።

ቦርከና_ሰርኪዩት
እናመሰግናለን እህቴ። 18 ያልሽው 2018 ዓ.ም. መሆኑ ነው? ደንበኛው የውጭ ድርጅት ሲሆን ግራ አይጋባም?

ባይት_በፒያሳ
የእኛው ዓመት ነው። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ መቀላቀል ብቻ ነው የማይቻለው። 2018 ዓ.ም. በ2025 እና በ2026 እኤአ ላይ ስለሚያርፍ ኮምፒውተሩ ከሰዓቱ ላይ ዓመቱን በራሱ እንዲወስድ ከተደረገ አንዱ ጣቢያ 18፣ ሌላው 25 ሊጽፍ ይችላል። ዓመቱም እንደ ጣቢያው በቅንብር ፋይል ይሁን። ወር የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን አትርሱ፦ ወራችን 13 ነው። በ4 ቢት ይገባል፤ ከ12 በላይ የሚመጣን ወር ስህተት ነው ብሎ የሚጥል ኮድ ግን ጳጉሜ ላይ ምርት ያቆማል።

ጋሼ_ሬጅስተር
እሷ ያለችውን ይዘህ አሁን ወደ ፍላሹ እንግባ። ኤፍ103ሲ8 እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት የሆኑ 64 ገጾች አሉት፣ ከ0 እስከ 63። ገጽ 63ን (አድራሻ 0800ኤፍሲ00) ለቁጥሩ ለይ። ሊንከር ፋይሉ (ኮዱ ፍላሹ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው) ላይ የፍላሹን ርዝመት ከ64 ወደ 63 ኪሎባይት ቀንሰው፤ እንዲህ ሲሆን ፈርምዌሩ ቢያድግ እንኳ ወደዚያ ገጽ መግባት አይችልም፣ ሊንከሩ ይጮኻል።

መዝገቡን 16 ባይት አድርገው፦ 4 ባይት መለያ ምልክት፣ 4 ባይት ቁጥሩ፣ 2 ባይት የቦርዱ ስሪት፣ 2 ባይት ዓመትና ወር (12 ቢትና 4 ቢት)፣ 4 ባይት ሲአርሲ-32። 16 ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፍ1 በ2 ባይት በ2 ባይት ይጽፋል፤ ነገ ወደ ጂ0 ወይም ኤል4 ብትዞር ግን እነሱ የሚጽፉት በ8 ባይት ከነእርማት ኮዱ ስለሆነ አንዴ የተጻፈ 8 ባይት ላይ ሳይደመሰስ ሌላ መጨመር አይቻልም። በ8 የሚካፈል መዝገብ ሁሉም ላይ ይሄዳል።

የጂጉ ስክሪፕት ቅደም ተከተል ደግሞ ይህ ነው። መጀመሪያ የቺፑን 96 ቢት መለያ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍ ከሆነ፣ ፖጎ ፒኑ (ቦርዱን የሚነካው የጂጉ ባለ ስፕሪንግ መርፌ) አልነካም ማለት ነውና አቁም። ቀጥሎ ገጽ 63ን አንብብ። ሲአርሲው ትክክል የሆነ መዝገብ ካለ ቦርዱ ቁጥር አለው፤ አዲስ አትስጠው፣ ፈርምዌሩን ብቻ አድስ። ባዶ ከሆነ በቺፑ መለያ ሠንጠረዡን ፈልግ፤ እዚያ ከተገኘ ያንኑ ቁጥር መልስለት። እዚያም ከሌለ ብቻ ነው አዲስ ቁጥር የሚወጣው። ያን ጊዜም ቺፑን ከመንካትህ በፊት ቁጥሩን ከቺፑ መለያ ጋር «ተይዟል» ብለህ ሠንጠረዡ ላይ ጻፍ። ከዚያ ፈርምዌር፣ ከዚያ መዝገቡ፣ ከዚያ መልሰህ አንብበህ አስተያይ፣ ከዚያ «ተጠናቋል»።

ቁጥሩ ቀድሞ መያዙ መብራት በመሃል ሲሄድ ነው የሚጠቅመው። ቦርዱ ተመልሶ ጂጉ ላይ ሲቀመጥ መለያው ያንኑ የተያዘ ቁጥር ያመጣለታል። ቦርዱ ተቃጥሎ ከተጣለ ቁጥሩም አብሮ ይጣል፤ ለሌላ አይሰጥ። ቁጥር አያልቅም፣ ክፍተት መኖሩም አያሳፍርም።

ሰኞ_ገበያ_ቺፕስ
በኤክሴል መያዝ አይቻልም?

ጋሼ_ሬጅስተር
አይቻልም። ሁለት መስኮት ሲከፈት ወይም ሳይቀመጥ ሲዘጋ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ባይት_በፒያሳ
ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ይበቃል፤ ሰርቨር አይፈልግም፣ አንድ ፋይል ነው። የቁጥሩንም የቺፑ መለያንም አምድ ዩኒክ (የማይደገም) አድርጉት፤ ስክሪፕቱ ቢሳሳት ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል። ቁጥር የሚወጣበትን ትራንዛክሽን በቢጊን ኢሚዲየት (የመጻፊያ መቆለፊያውን ከመጀመሪያው በሚይዘው ትእዛዝ) ጀምሩት፤ በተራ ቢጊን ከሆነ ሁለት ፕሮግራሞች ያንኑ የመጨረሻ ቁጥር አንብበው ሊገቡ ይችላሉ፣ አንዱ ሲጽፍ ስህተት ይመጣበታል። ሲንክሮነስ የሚለውን ቅንብር (ዳታው ዲስኩ ላይ መድረሱን የሚጠብቀውን) ፉል ላይ ተዉት። ለፍጥነት ብሎ ኦፍ የሚያደርገው ሰው አለ፤ መብራት ሲሄድ ተጽፏል የተባለው ቁጥር ዲስኩ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ፋይሉን በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር ላይ አታስቀምጡ። የኔትወርክ ፋይል ሲስተሞች መቆለፊያቸው አስተማማኝ ስላልሆነ ዳታቤዙ ይበላሻል። በየጣቢያው የየራሱ ፋይል ይኑር። ማዋሃዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በፍላሽ ዲስክ ይሁን፤ ሀረጎን የሚወርድ ሚኒባስ መቼም አይጠፋም። ስታዋህዱ ግን አንድ የቺፕ መለያ በሁለት ቁጥር ከመጣ ስክሪፕቱ ይቁም፣ ሰው ይየው።

ኮምቦልቻ_ፈርምዌር
ማሻአላህ፣ ጥሩ ክር ነው። አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። ቁጥሩን በሲ ኮድ ውስጥ ኮንስት (የማይቀየር) ብለው ከነመነሻ ዋጋው አውጀው፣ ከዚያ የሄክስ ፋይሉን በስክሪፕት የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። ኮምፓይለሩ ኮዱን በሚያፈጥንበት ደረጃ (ኦፕቲማይዜሽን) ኦ1 እና ከዚያ በላይ ላይ ዋጋውን ስለሚያውቀው እያንዳንዱ የሚነበብበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ራሱን ይተካበታል። ፍላሹ ላይ ያለው ይቀየራል፣ ፈርምዌሩ ግን ሁልጊዜ የድሮውን ነው የሚናገረው። የሚገርመው በዲበግ ስሪት (ኦ0) ጥሩ ይሠራል፣ ለምርት ሲወጣ ነው የሚበላሸው። መፍትሔው በቋሚ አድራሻ በቮላታይል ፖይንተር (ኮምፓይለሩ ሁልጊዜ ከፍላሹ እንዲያነብ በሚያስገድደው) ማንበብ ነው።

ቦርከና_ሰርኪዩት
ወላሂ ይሄ ለብቻው ይበቃ ነበር። እሺ፣ ፈርምዌር ስናድስ ገጽ 63 ለምን ይጠፋል? በኬይል (ኮድ መጻፊያና መጫኛ ሶፍትዌሩ) ሲጫን ሁልጊዜ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ_ፈርምዌር
በፍላሽ ዳውንሎድ ቅንብሩ ውስጥ «ኢሬዝ ፉል ቺፕ» ተመርጦ ነው። «ኢሬዝ ሴክተርስ» አድርገው። በኪውብ ፕሮግራመር የትእዛዝ መስመርም ኢሬዝ ኦል የሚለውን ካላከልክበት የሚደመስሰው ፋይሉ የሚነካቸውን ገጾች ብቻ ነው።

ይህን አስተካክለህ አሁንም ከጠፋ የሄክስ ፋይሉን ተመልከት፤ አንዳንድ የግንባታ ስክሪፕት ፋይሉን እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ በኤፍኤፍ ይሞላዋል። ባዶ ይመስላል እንጂ ፕሮግራመሩ ያንን ገጽ ሊጽፈው ስለሚሄድ አስቀድሞ ይደመስሰዋል። ሙሌቱን 63 ኪሎባይት ላይ አቁመው።

ሦስተኛው የንባብ መከላከያ (ፍላሹ ከውጭ እንዳይነበብ የሚያደርገው) ነው። አንዴ ከበራ በኋላ እሱን ማንሳት ፍላሹን በሙሉ ይደመስሳል፣ ገጽ 63ንም ጨምሮ። ስለዚህ መከላከያው የሚበራው ቁጥሩ ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ስቲከሩ ከወጣ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው። ለጥገና የመጣ ቦርድ ላይ ደግሞ መከላከያው እንዳለ ገጹን ማንበብ አትችልም። ከማንሳትህ በፊት ስቲከሩን ስካን አድርግና ሠንጠረዡ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ፣ ከዚያ አንሳ።

ጦሳ_ሎጂክ
ስለ አትሜጋዎቹ ማንም ምንም አላለም። 328ፒ በዳታሺቱ ላይ የተረጋገጠ ልዩ መለያ የለውም (328ፒቢ ነው ያለው፣ ሁለቱን አታምታቱ)። ስለዚህ እዚያ ላይ የቺፕ መለያ ፍለጋው አይሠራም፤ የሚታመነው ኢኢፕሮሙ (ከፍላሹ የተለየው የቺፑ ትንሽ ቋሚ ማህደረ ትውስታ) ላይ ያለው መዝገብና ስቲከሩ ብቻ ነው።

ኢኢፕሮሙ 1024 ባይት ነው። ቁጥሩን አድራሻ 0 ላይ አታስቀምጡ፤ ቮልቴጅ ሲወርድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የብራውንአውት ፊውዙንም (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመውን ቅንብር) 2.7 ቮልት ላይ አብሩት፤ ፓምፕ ሲነሳ መስመሩ ይወርዳል።

ስክሪፕቱ ትንሽ የኢንቴል ሄክስ ፋይል ይፍጠርና አቪአርዱድ (የአትሜጋ መጫኛ ፕሮግራሙ) ኢኢፕሮሙ ላይ ይጻፈው። ለምሳሌ 001234ን በአስኪ፣ አድራሻ ሄክስ 40 ላይ (በአሥራዊ 64) ለመጻፍ መስመሩ ይህ ነው፦

:0600400030303132333490

06 የባይቱ ብዛት፣ 0040 አድራሻ፣ 00 የዳታ ዓይነት፣ ከዚያ ስድስቱ አሃዞች (30 ማለት ዜሮ፣ 31 ማለት አንድ)፣ መጨረሻው 90 ቼክሰም። ቼክሰሙ ከፊቱ ያሉት ባይቶች ተደምረው የታችኛው ባይት ከ100 ሄክስ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ድምሩ 170 ነው፣ የታችኛው ባይት 70፣ ከ100 ሲቀነስ 90። ቀጣዩ ቁጥር 001235 ሲሆን ቼክሰሙ በአንድ ይቀንሳል። እሱን ሳያሰላ አሃዙን ብቻ የሚቀይር ስክሪፕት አቪአርዱድ ላይ ይወድቃል፤ መውደቁም ደግ ነው። ከዚህ መስመር በታች የተለመደው የፋይል ማብቂያ መስመር ይኑር። ለእናንተ 9ኙን አሃዝ ስትጽፉ ብዛቱ 09 ይሆናል።

ጋሼ_ሬጅስተር
ጥሩ ነው፣ ፊውዙን ግን ዘለልከው። አቪአርዱድ ፍላሽ ሲጽፍ አስቀድሞ ቺፑን ይደመስሳል፤ ድምሰሳው ኢኢፕሮሙንም ይወስዳል፣ ኢኢሴቭ ፊውዝ ካልበራ በቀር። እሱ የሃይ ፊውዙ ቢት 3 ነው፣ የሚበራውም ዜሮ ሲሆን። ከፋብሪካ ዲ9 የመጣው ዲ1 ይሆናል፤ የአርዱይኖ ኡኖ ቅንብር ዲኢ የሆነው ዲ6 ይሆናል። ፊውዙ በመጀመሪያው ጥሪ፣ ፍላሹ በሁለተኛው፣ ኢኢፕሮሙ በመጨረሻ ይጻፍ። ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ስታደርግ ቅደም ተከተሉ የሚበላሽበት አጋጣሚ አለ።

ደሴ_ኢኤስፒ
ለኢኤስፒ32 የምትመጡ ካላችሁ በአጭሩ፦ ቺፑ ኢፊውዝ ውስጥ 6 ባይት የማክ አድራሻ ይዞ ይመጣል፣ ለሠንጠረዡ መፈለጊያ እሱን ተጠቀሙ። ቁጥሩን በሲኤስቪ ጽፋችሁ ወደ ኤንቪኤስ (ቅንብሮች የሚቀመጡበት የፍላሹ ክፍል) ምስል ቀይሩት። ነባሪው ኤንቪኤስ ክፍል ሄክስ 9000 ላይ ነው፤ እዚያ ግን አታድርጉት፣ የዋይፋይ ቅንብር የሚያጸዳው ቁልፍ ቁጥሩንም ይዞት ይሄዳል። የራሱን ክፍል ስጡት። በፒክ ቺፕ ለሚሠሩ ማይክሮቺፕ ኤምፕላብ አይፒኢ ውስጥ ኤስኪውቲፒ የሚባል ተዘጋጅቶ አለ፤ ቁጥሮቹን አስቀድሞ ፋይል ውስጥ ያወጣና በተራ ይጽፋል።

ሰኞ_ገበያ_ቺፕስ
ስቲከሩስ? ግዕዝ ፊደል ቢኖርበት ደስ ይለኛል።

ባይት_በፒያሳ
ለዓይን የሚታየው ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ ባርኮዱ ውስጥ ግን አይገባም፣ ኮድ 128 ግዕዝን አያውቅም። አሃዝ ብቻ ሲሆን ሲ የሚባለው ስብስብ ሁለት አሃዝ በአንድ ምልክት ያስገባል፤ ስለዚህ 10 አሃዛችን 5 ምልክት ብቻ ይወስዳል፣ ጠባብ ስቲከር ላይም ይገባል። ቁጥሩ ጎዶሎ አሃዝ ቢሆን ይህ ጥቅም ይቀንስ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ የሚታተመው ከስክሪፕቱ ተለዋዋጭ ሳይሆን ከቺፑ ተመልሶ ከተነበበው መዝገብ ይሁን። ስክሪፕቱ 417 ጽፌያለሁ ብሎ ቺፑ ላይ 416 ያለበትን ሁኔታ የሚይዘው ይህ ብቻ ነው። ስቲከሮቹን በጅምላ አስቀድሞ አትሞ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ። አንድ ቦርድ ከወደቀ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይዛነፋል።

ቦርከና_ሰርኪዩት
አሁን ሁሉም ገባኝ። አንድ የቀረ፦ ያለ ቁጥር የተሸጡ ቦርዶች መስክ ላይ አሉ። ጂጉ ላይ ማምጣት አይቻልም፣ የሚደረስባቸው በአርኤስ-485 ገመድ በሞድባስ (መሣሪያዎች በአንድ መስመር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ_ፈርምዌር
አብሽር፣ ይቻላል። አዲሱ ፈርምዌር አንዴ ብቻ የሚቀበል የመጻፊያ ሬጅስተር ይኑረው፦ ገጽ 63 በሙሉ ኤፍኤፍ ከሆነ ብቻ በፈንክሽን 16 (የሞድባስ የመጻፊያ ትእዛዝ) የመጣውን ቁጥር ተቀብሎ ይጽፋል፣ አለበለዚያ በስህተት ይመልሳል። ቴክኒሻኑ ሲመለስ የቺፑን መለያና የሰጠውን ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ያስገባል። ለዚህ ሥራ የጣቢያ አሃዝ 3ን ለዩለት፤ መስክ ላይ የተሰጠው ከወርክሾፑ ጋር አይደባለቅም።

32 ቢቱ ቁጥር ሁለት ባለ 16 ቢት ሬጅስተር ይይዛል። የትኛው ግማሽ ቀድሞ እንደሚመጣ ሰነዱ ላይ ጻፉት፤ በሞድባስ ይህ በየአምራቹ ይለያያል፣ ተገልብጦ የተነበበ ቁጥር ደግሞ ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል። ከማረጋገጫ አሃዙ ጋር አስተያዩት።

የሞድባስ አድራሻና ሲሪያል ቁጥር አንድ እንዳይመስላችሁ፤ አድራሻው ከ1 እስከ 247 ብቻ ነው። ሁሉም ቦርድ ከፋብሪካ አድራሻ 1 ይዞ ከወጣ፣ አንድ መስመር ላይ ሁለቱን አስራችሁ ቁጥር ስትልኩ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይጽፋሉ፣ መልሳቸውም ይጋጭና ስህተት ብቻ ታያላችሁ። አንዱን ከመስመሩ ነቅላችሁ፣ ሌላውን ጽፋችሁ፣ አድራሻውን ቀይራችሁ፣ ከዚያ ቀጣዩን ሰኩ።